በረኪና፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይስ ሳሙና? ለየትኛው ቆሻሻ የትኛው ማጽጃ

ሱቅ ውስጥ የተደረደረው የማጽጃ ጠርሙስ ሁሉ "ለሁሉም ዓይነት ቆሻሻ" ይላል። ቤት ተገብቶ ሲሞከር ግን የምድጃው ቅባት እንደተጣበቀ ይቀራል፣ የሻወሩ መስታወት ነጩን ቅርፊት አይለቅም፣ እምነበረዱ ደግሞ ጭራሽ ወዙን አጥቶ ይገኛል። ብዙ ቤት ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚደረገው በረኪና መጨመር ነው። በረኪና ተጨምሮበትም ያልለቀቀ ቆሻሻ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያውም የበረኪና ሥራ አልነበረም።

እዚህ የምናወዳድረው በየሱቁና በየማድ ቤቱ የሚገኙትን አምስት ማጽጃዎች ነው፦ ፈሳሽና ዱቄት ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አቼቶና ሎሚ፣ በረኪና፣ እንዲሁም የሽንት ቤት አሲድ። የፋብሪካ ስም ከፋብሪካ ስም አናወዳድርም። ውስጡ ያለው ነገር አንድ ከሆነ በሁለት ጠርሙሶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሽታና ከቀለም አያልፍም።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ቆሻሻው ምንድን ነው የሚለው ነው። የቤት ቆሻሻ በጥቅሉ አራት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅባት ነው፤ የወጥ ፍንጣሪ፣ በመብራት ማጥፊያና ማብሪያው ላይ የሚቀር የእጅ ምልክት፣ ከዘይት ጋር የተለወሰ ጥላሸት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ቅርፊትና በሽንት ቤት መቀመጫ ላይ የሚጠጥረው ቢጫ ድንጋይ ነው። ሦስተኛው ቀለም ነው፦ ቡና፣ ሻይ፣ እርድ፣ የሻጋታ ጥቁረት። አራተኛው ዓይን የማያየው ጀርም ነው። ቅባትን የሚያነሳ ማጽጃ ቅርፊትን አይነካም፤ ጀርም የሚገድለውም ቅባት አያነሳም።

ሁለተኛው መመዘኛ ቆሻሻው ያረፈበት ገጽ ነው። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ብዙ ነገር ይችላል። እምነበረድ፣ ቴራዞና ሊሾ ግን ውስጣቸው ኖራ ስላለ አሲድ ይበላቸዋል። አልሙኒየም አሲድም ሶዳም ሲቆይበት ይጠቁራል ወይም ይቦረቦራል። ፓርኬና የጣውላ ወለል ዋና ጠላታቸው ውሃ ነው፤ በየስንጥቁ ገብቶ እንጨቱን ያሳብጠዋል።

ወለላችሁ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀላል መፈተኛ አለ። አልጋ ወይም ቁም ሳጥን ሥር፣ ማንም በማያየው ጥግ፣ አንዲት ጠብታ ነጭ አቼቶ ጣሉና ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ጠብታዋ ጥቃቅን አረፋ እየፈጠረች ከፈላች ወለሉ ኖራ አለው ማለት ነው፤ ወዲያው በውሃ አጥባችሁ ከዚያ በኋላ አሲድነት ያለው ነገር አታስጠጉት። ዝም ካለች ከ5 ደቂቃ በኋላ ጥረጉትና በብርሃን አዩት። የደበዘዘ ክብ ካልቀረ ችግር የለውም። ይኸው ፈተና በቧንቧ ላይ ያለው ነጭ ነገር የውሃ ቅርፊት ይሁን የደረቀ ሳሙናም ይለያል። የሚፈላ ከሆነ ቅርፊት ነው።

ሦስተኛው ሽታውና ትንፋሹ ነው፤ መስኮት የሌለው ሻወር፣ አስም ያለበት ሰው ወይም የሚድህ ሕፃን ያለበት ቤት ምርጫውን ይቀይሩታል። አራተኛው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሦስት ጊዜ መለቅለቅ የሚፈልግ ማጽጃ ርካሽ አይደለም። አምስተኛው ዋጋ ሲሆን፣ መታየት ያለበት የጠርሙሱ ሳይሆን የአንድ ጊዜ ዋጋ ነው። 750 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ለአንድ ባልዲ በ1 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም በ5 ሚሊ ሊትር ቢለካ 150 ባልዲ ይወጣዋል። በግምት እየተንቆረቆረ 50 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ ግን በ15 ባልዲ ያልቃል። ማንኪያ መያዝ ርካሽ ሳሙና ከመፈለግ የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል።

ሳሙና፦ ከአሥሩ ሥራ ሰባቱ የሱ ነው

ሳሙና ቅባቱን ከገጹ ነጥሎ ውሃ ውስጥ ይይዘዋል። ጀርሙም አብዛኛው ከቅባቱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ለወለል፣ ለግድግዳ፣ ለበር፣ ለዕቃ፣ ለምድጃ መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው። በተለምዶ ላርጎ የምንለው ፈሳሽ ሳሙና ለወለል 1 የሻይ ማንኪያ ለ5 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ በዚህ ልክ ከተበጠበጠ ሁለተኛ ማለቅለቂያ ብዙም አያስፈልገውም። ዱቄቱ፣ ኦሞ የምንለው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ለ5 ሊትር ነው። ጠንከር ያለ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ለሊሾና ለበረንዳ ይሻላል፤ ነገር ግን አረፋው ብዙ ስለሆነ ቢያንስ አንዴ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ ወለሉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ወልውላችሁ ስትጨርሱ ካልሲ የሚያጣብቅና በማግሥቱ አቧራ የሚሰበስብ ወለል ካያችሁ የቀረው ቆሻሻ ሳይሆን ሳሙና ነው። በሚቀጥለው ሳሙና ሳትጨምሩ በለብታ ውሃ ብቻ ወልውሉ።

ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በጊዜው ላይ ነው። የወጥ ፍንጣሪ የደረቀበትን ምድጃ ወዲያው በሽቦ መፈተግ ኢናሜሉን ይጭረዋል፤ የተጫረው ቦታ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ቅባት በቀላሉ ይይዛል። ይልቅ ጨርቅ በሙቅ ውሃና በጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አርሳችሁ ምድጃው ላይ ዘርጉትና 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ሲጠረግ አብዛኛው ይነሳል።

ደረቅ ሳሙና ለወለልና ለሻወር አይመረጥም። ውሃው ኖራ የበዛበት ከሆነ፣ ለምሳሌ እንደ ድሬዳዋና መቀሌ፣ ሳሙናው ከኖራው ጋር ተያይዞ ግራጫ ዝቃጭ ይሠራል። ባልዲ ውስጥ ዙሪያውን የሚቀረው ቀለበት እሱ ነው። ፈሳሹና ዱቄቱ በኬሚካል አሠራራቸው ስለሚለዩ ይህ ችግር ያን ያህል የለባቸውም።

አልጫ የፈሰሰበትን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በሳሙና ሲነኩት ቢጫው ድንገት ቀይ ከሆነ ልብሱ አልተበላሸም። እርድ አልካሊ ሲነካው ይቀላል፤ በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። የቀረውን ቢጫ ፀሐይ ላይ እርጥቡን ማስጣት ያፈዘዋል። 

ሳሙና የማይገባበትም ቦታ አለ። ጀበናና የሸክላ ምጣድ ሸክላቸው ስለሚመጥ ሳሙናውን ይዘው ኋላ በቡናውና በእንጀራው ይመልሱታል። ጀበና በሙቅ ውሃ፣ ምጣድ በማሰሻ ይበቃቸዋል።

ቤኪንግ ሶዳ፦ ላረረና ለሚሸት

ቤኪንግ ሶዳ ለስላሳ አልካሊ ነው፤ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ሳይጭር ይፈትጋል፣ ኮምጣጣ ሽታንም ያጠፋል። ስትገዙ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ አረጋግጡ። እሱ ስታርችና ደረቅ አሲድ ተጨምሮበታል፤ ለኬክ ይሆናል፣ ለጽዳት ግን ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

ለታችኛው ያረረ የማይዝግ ወይም የኢናሜል ድስት፦ ያረረውን የሚሸፍን ውሃ ጨምሩ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በትኑበት፣ 10 ደቂቃ አፍሉ፣ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ግፉት። ለምድጃ ጥግ 3 እጅ ሶዳ ለ1 እጅ ውሃ ተለውሶ ይቀባል፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ በእርጥብ ስፖንጅ ይነሳል። ውስጡ የጠቆረ ፔርሙስ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ተጨምሮበት የፈላ ውሃ ይሞላና ክዳኑ ሳይዘጋ 3 ሰዓት ያህል ይቆያል። ክዳኑን አትግጠሙ፤ ትኩስ ውሃ ከሶዳው ጋዝ ስለሚያወጣ ግፊት ይፈጠራል። ፍሪጅ ለማጽዳትም ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ምግቡን የሚከተል ሽታ አይተውም።

አልሙኒየም ድስት ላይ ግን አታፍሉት፤ ያጠቁረዋል። አስቀድሞ ከጠቆረ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ በ1 ሊትር ውሃ ጨምሮ 10 ደቂቃ ማፍላት ያነጣዋል።

ሶዳና አቼቶ መቀላቀልን በየቪዲዮው የምታዩት አረፋው ስለሚያምር ነው። አንዱ አልካሊ ሌላው አሲድ ስለሆነ ሲገናኙ ይጣፋሉ። የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ነው። አደጋ የለውም፤ ነገር ግን ሁለት የሚሠሩ ነገሮችን ወስዶ ወደማይሠራ ነገር መቀየር ነው። ሁለቱም ካስፈለጉ ሶዳውን አስቀድማችሁ ፈትጉ፣ እጠቡ፣ ከዚያ አቼቶውን ለብቻው አድርጉ።

አቼቶና ሎሚ፦ ለነጭ ቅርፊት

ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ነጭ አቼቶ ነው፤ ቀዩ ቀለም ይተዋል። አሲዱ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቅርፊትን ያሟሟል፣ ዕቃን ግን በቶሎ አይጎዳም። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ውስጡ ቅርፊት ሲሠራ ውሃ ለማፍላት ብዙ ጊዜና መብራት ይፈጃል፤ ቅርፊቱ ሙቀቱን ስለሚከልል ነው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አቼቶ ጨምራችሁ አንዴ አፍሉ፣ ነቅላችሁ 30 ደቂቃ ተዉት፣ ድፉት፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ። ቀዳዳዎቹ የተደፈኑ የሻወር ራስ አቼቶ በያዘ ፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰራል። ፕላስቲክ ከሆነ ሌሊቱን ማደር ይችላል፤ የሚያብረቀርቅ ልባጥ ያለው ብረት ከሆነ ግን ከ1 ሰዓት አታስበልጡት፣ ልባጡ ይነሳል። ለመስታወት 1 እጅ አቼቶ ለ4 እጅ ውሃ በጋዜጣ ወይም ክር በማይለቅ ጨርቅ ይወለወላል።

ሎሚ አሲዱ ከአቼቶ አያንስም፤ ለትንሽ ቦታ፣ ለምሳሌ ለቧንቧ አንገት፣ ግማሽ ሎሚ ማሸት ይበቃል። ካልታጠበ ግን ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ለዝገት ምልክት ሎሚና ጨው የተሻለ መድኃኒት ነው፦ ነጭ ጨርቅ ላይ ጨው ነስንሳችሁ ሎሚ ጨምቁበት፣ ፀሐይ ላይ 1 ሰዓት አቆዩት፣ አጥባችሁ ካልለቀቀ ድገሙት። የዝገትን ምልክት በበረኪና መንካት ደግሞ ቡኒውን ያጸናዋል።

አቼቶ ቅባት አያነሳም። ጀርም በመግደልም በረኪናን አይተካም፤ ሽንት ቤትን በአቼቶ አጥቦ ከጀርም ነጻ ሆነ ማለት አይቻልም።

በረኪና፦ ማጠቢያ አይደለም

በረኪና ሁለት ነገር በደንብ ይሠራል፦ ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል። ቅባት አያነሳም፣ ቅርፊት አያሟሟም። ከዚህም በላይ ቆሻሻ ባለበት ላይ ሲፈስ ኃይሉ ቆሻሻው ላይ ያልቃል፤ ጀርሙ ጋ የሚደርስ አይተርፈውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በሳሙና ማጠብ፣ መለቅለቅ፣ ከዚያ የተበጠበጠ በረኪና፣ 10 ደቂቃ እርጥብ አድርጎ ማቆየት፣ እንደገና መለቅለቅ። አፍስሶ ወዲያው መጥረግ በረኪናውን መጣል ነው።

ልኩ ከጠርሙሱ ላይ ካለው መቶኛ ይወጣል። እኛ አገር በብዛት የሚሸጠው 5 በመቶ ነው። ለተራ ገጽ የሚያስፈልገው 0.1 በመቶ ስለሆነ 5ን ለ0.1 ማካፈል 50 ይሰጣል፤ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ማለት ነው። በቀላሉ 4 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር፣ በ1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ውስጥ። ደም ወይም የታመመ ሰው ተቅማጥና ትውከት የነካው ቦታ 0.5 በመቶ ይፈልጋል፤ እሱ 1 እጅ ለ9 ነው። አሜሪካ ያላችሁ ጠርሙሱን አንብቡ፤ እዚያ 7.5 በመቶ የሆነ ስላለ ለተራው ሥራ 1 እጅ ለ74 ይሆናል።

ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያዳክመዋል፣ ሽታውንም ያበረታዋል። የተበጠበጠው ለማግሥቱ አይቀመጥም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ያልተበጠበጠውም በጊዜ፣ በብርሃንና በሙቀት ይደክማል። ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ትታችሁ ከውስጥ፣ የተመረተበት ቀን የቅርብ የሆነውን ጠይቁ።

ሮቶ ለማከምም ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ይሠራል። ዝቃጩ ተጠርጎ ከወጣና ታንከሩ ከታጠበ በኋላ ለ1000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨመራል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ በሁሉም ቧንቧ እየተከፈተ ይፈስሳል፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ያ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም።

በክረምት ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሻጋታ በበረኪና ሲታጠብ ይነጣል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ተመልሶ ይጠቁራል። በሴራሚክ ላይ ይሠራል፤ በልስን ላይ ግን በረኪናው ላዩን ሲያነጣ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሥሩ ይኖራል። ሻጋታውን የሚያቆመው የእርጥበቱን ምንጭ ማግኘት ነው። የሚያፈስ አሸንዳ ካለ ይጠገናል፤ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ምግብ ሲበስልም መስኮት ይከፈታል። ግድግዳውን ራሱን በሳሙና ውሃ ጠርጋችሁ አድርቁት። ሻጋታን በደረቁ አትቦርሹ፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል።

ባለ ጥበብ ልብስ፣ ሱፍና ሐር በረኪና አይነካቸውም። የማይዝግ ብረት ሲንክም ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየበት ይነቁራል።

አሁን ደግሞ ዋናው። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር፣ እንዲሁም ከቆየ ሽንት ጋር ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይፈጥራል። ለዚህ ነው ፖፖና ሽንት ቤት መጀመሪያ በብዙ ውሃ መታጠብ ያለባቸው። ዓይን ማቃጠል፣ ሳል፣ ደረት መጨነቅ ከጀመረ ባልዲውን ለመድፋት አትቆዩ። በሩን ክፍት ትታችሁ ወደ ንጹህ አየር ውጡ፤ ሳሉ ካልተወ ሐኪም ቤት ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ እጠቡ። ሕፃን ከጠጣ አፉን አጉመጥምጡት፣ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ መተው ያለበት ልማድ ነው። ቀለሙ ውሃ ይመስላል፤ ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው ለመጠጥ ነው።

የሽንት ቤት አሲድ

ሥራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ አቼቶ ያልቻለው፣ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ የጠጠረው ቢጫና ቡኒ ድንጋይ። ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ። መቀመጫው ውስጥ የተኛውን ውሃ በብሩሽ ወደ ውስጥ ግፉት፤ አለበለዚያ አሲዱ ውሃው ውስጥ ቀጥኖ ይቀራል። ከከንፈሩ ሥር ዙሪያውን 50 ሚሊ ሊትር ያህል አፍስሱ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ፈትጉ፣ ሁለቴ ውሃ ልቀቁ። በዚያ ቀን በረኪና አታስከትሉ። ወለሉ ላይ ከተንጠባጠበ በሴራሚኩ መሃል ያለውን የሲሚንቶ መስመር ይበላና ከሥር ውሃ ማስገባት ይጀምራል።

በአንድ እይታ

| ማጽጃ | የሚመረጥበት | የማይሠራው | የማይነካው ገጽ | ልክ | የሚቆይበት ጊዜ | ለመለቅለቅ የሚፈጀው ውሃ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፈሳሽ ሳሙና | ቅባት፣ የዕለት ወለል፣ ዕቃ | ቅርፊት | ጀበና፣ የሸክላ ምጣድ | 1 የሻይ ማንኪያ ለ5 ሊትር | ለደረቀ ቅባት 10 ደቂቃ | ትንሽ |
| ዱቄት ሳሙና | ሊሾ፣ በረንዳ | ቅርፊት | ፓርኬ፣ እምነበረድ | 1 የሾርባ ማንኪያ ለ5 ሊትር | 5 ደቂቃ | ብዙ |
| ቤኪንግ ሶዳ | ያረረ፣ የሚሸት፣ ፍሪጅ፣ ፔርሙስ | ጀርም፣ ቅርፊት | አልሙኒየም | 3 እጅ ለ1 እጅ ውሃ ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ለ1 ሊትር | ከ10 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት | መካከለኛ |
| አቼቶ፣ ሎሚ | ነጭ ቅርፊት፣ መስታወት፣ ዝገት | ቅባት፣ ጀርም | እምነበረድ፣ ቴራዞ፣ ሊሾ፣ ፓርኬ | 1 ለ1 ወይም 1 ለ4 | ከ30 እስከ 60 ደቂቃ | ትንሽ |
| በረኪና 5 በመቶ | ጀርም፣ ነጭ ጥጥ፣ የሴራሚክ ሻጋታ | ቅባት፣ ቅርፊት፣ ዝገት | ባለ ቀለም ጨርቅ፣ ሱፍ፣ ብረት | 20 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር | 10 ደቂቃ | መካከለኛ |
| የሽንት ቤት አሲድ | የሽንት ቤት ድንጋይ | ቅባት | ከመቀመጫው ውጭ ያለ ሁሉ | 50 ሚሊ ሊትር | 20 ደቂቃ | ብዙ |

ለማን የትኛው

አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ፈሳሽ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ በረኪና ይበቃሉ። አቼቶውን ውሃ ማፍያው ቅርፊት ሲሠራ ያንጊዜ መግዛት ይቻላል። በጀት ጠበቅ ካለ በመጀመሪያ የሚቀረው ሽታ ብቻ ያለው ባለ ቀለም የወለል ማጽጃ ነው፤ ብዙውን ሥራውን 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይሠራዋል። ዕቃ ለመፈተግ የተነፋ የእንጨት አመድም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ አልካሊ ነው፣ ቅባት ያነሳል፤ ለአልሙኒየምና ለሚያብረቀርቅ ነገር ግን አይሆንም።

የሚድሁ ሕፃናት ያሉበት ቤት ወለሉን በየቀኑ በበረኪና ማጠብ አያስፈልገውም፤ ሳሙና ይበቃል። በረኪናው ለሽንት ቤት፣ ለጥሬ ሥጋ መክተፊያና ሰው ለታመመበት ጊዜ ይቀመጥ። መክተፊያው ከ10 ደቂቃ በኋላ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። አስም ላለበት ሰው ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ ዋና ምርጫዎች ናቸው፤ ነጩን ቅርፊት አቼቶ ይወጣዋል። በረኪና ግድ ሲሆን ሌላ ሰው ያድርገው፣ በስፕሬይ ሳይሆን በጨርቅ፤ ጉሙ ወደ ሳምባ የሚገባው በስፕሬይ ነው።

ቴራዞ ወይም እምነበረድ ያለበት ቤት አቼቶና አሲድን ከወለል ማጽጃ ዝርዝሩ ይሰርዝ። ለእሱ ፈሳሽ ሳሙናና በደንብ የተጨመቀ መወልወያ በቂ ነው። ፓርኬም እንዲሁ ነው፤ ጨርቁ ሲጨመቅ ውሃ የማይንጠባጠብ፣ ወለሉም በ2 ደቂቃ የሚደርቅ ይሁን። ውሃ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ዱቄቱ ለልብስ ብቻ ይቅር። ለወለል ፈሳሹን በሁለት ባልዲ ተጠቀሙ፦ አንዱ ሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁ የሚታጠብበት። ሳሙናው ባልዲ ስለማይቆሽሽ 5 ሊትር አንድ ሙሉ ቤት ያዳርሳል፤ የጨርቅ ማጠቢያው ውሃም ሽንት ቤት ይደፋል።

በዓል ሲመጣ ሥራው ይለያል። ቄጤማው ሲረገጥ ሴራሚክ ላይ የሚተወው አረንጓዴ ምልክት በሳሙና አልለቅ ካለ አልኮል የነካ ጥጥ ያነሳዋል። የጧፍ ሰም ሲደርቅ በፕላስቲክ ካርድ ይነሳል። ከረከቦቱ በላይ ኮርኒስ ላይ የተሰበሰበውን የዕጣን ጥላሸት መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ሳትጫኑ አንሱት፤ በውሃ ከጀመራችሁ ይለቀለቅና ሰፊ ግራጫ ይሆናል። ደረቁ ካለቀ በኋላ ብቻ የሳሙና ውሃ።

በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፦ እዚያ ክሎሮክስ የሚባለው በረኪናው ነው። መታጠቢያ ቤቱ ብዙ ጊዜ መስኮት የለውም፣ በሩ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ይዘጋል፤ ጋዙም እዚያው ይታመቃል። ክሎሮክሱንና የሽንት ቤቱን አሲድ በአንድ ቀን አትጠቀሙ፦ አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ሳይሆን፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ። ቀላቅይ ብትባሉም አትቀላቅሉ፤ በሩን ከፍታችሁ፣ የአየር ማውጫውን አስነስታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ካልገባችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ በማሽተት አትለዩት። ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ላኩ።